ስለ ጡት ጫፍ መሰርጎድና ስለ ማስተካከያው ቀዶ ሕክምና

በአገራችን ከሰው ብልቶች ሁሉ እንደ ጡት የከበረ ስም የተሰጠው ጥቂት ነው። በቀድሞ ዘመን አንድ ሰው ከታላቅ መኰንን ጋር የአባትነትና የልጅነት ቃል ኪዳን ለመግባት የወደደ እንደ ሆነ፥ የጌታውን ጣት በማር ተነክሮ እንደ ጡት ይጠባና ከዚያች ቀን ጀምሮ የጡት ልጅ ይባል ነበር። ነገር ግን ስሙ እንዲህ የከበረው ብልት የታመመ ወይም ቅርጹ ያሳሰበ ጊዜ፥ ይልቁንም ነገሩ ስለ ጫፉ ሲሆን፥ ሴት ልጅ ለእናትዋ፥ ሚስት ለባልዋ፥ በሽተኛም ለሐኪምዋ መናገር ታፍራለች። እኛም ዛሬ ስለዚሁ ጉዳይ ልንጽፍ የወደድነው፥ ከመናገሩ ነውር ይልቅ ካለመናገሩ የሚመጣው ጉዳት የበለጠ መሆኑን ስለ ተረዳን ነው።

ነገሩን በአንድ አገር ላይ አድርገን ብናየው ይሻላልና፥ ከጎንደር ወደ ሰሜን በሚወስደው ጎዳና ያሉትን ዳባትንና ደባርቅን፥ ከእነርሱም በላይ ወደ ስሜን ተራራ የሚወጣውን የገብስ አገር መረጥን። የጡትን ጫፍ በቀዶ ሕክምና ማስተካከል በትልቅ ከተማ ለምትኖር ሴት የመልክ ነገር ብቻ ሊመስላት ይችላል። በዚያ ደጋ ለምትኖረው ግን የሕፃን ምግብ፥ የውኃ ሸክም፥ የብርድና የረጅም መንገድ ነገር ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው የውጭ አገር ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ጤናማው ጡት ምን እንደሚመስል ማወቅ ይገባል። ጫፉ እንደ ጡጦ አንድ ቀዳዳ ብቻ ያለው አይደለም፤ ብዙ ጥቃቅን የወተት ቀዳዳዎች አሉበት። በዙሪያው ጠቆር ያለ ክብ አለ፤ በክቡም ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ ከፍ ከፍ ያሉ ነጥቦች ይታያሉ። እነዚህ የአየርላንዱ ሐኪም ዊልያም ሞንትጎሜሪ በ1837 የገለጻቸው ዕጢዎች ሲሆኑ፥ ቅባት እያወጡ ጫፉን እንዳይሰነጠቅ ይጠብቁታል። ብጉር መስለዋቸው የሚያፈርጧቸው፥ ወይም እድፍ ነው ብለው ጡታቸውን በሳሙና አጥብቀው የሚፈትጉ ሴቶች ያለ ዋጋ የተሰጣቸውን መድኃኒት አጥበው ይጥሉታል። ክቡ በእርግዝና ጊዜ ይሰፋል፤ ይጠቁራልም፤ ከወሊድ በኋላ ፈጽሞ እንደ ቀድሞው ባይመለስ ሕመም አይደለም። ግራውና ቀኙ ትክክል አለመሆኑ፥ ከክቡም ዙሪያ ጥቂት ፀጉር መብቀሉ እንደዚሁ ነው። ሁላችንም የፊታችን ግራና ቀኝ ትክክል ሳይሆን ኖረን፥ ጡት ብቻ በሚዛን የተለካ እንዲሆን መፈለጋችን ጥቂት ያስቃል።

ከሁሉ ይልቅ ሴቶችን የሚያሳስባቸው ግን ጫፉ ወደ ውስጥ የሰረጎደ እንደ ሆነ ነው። ይህም ከርግማን ወይም ከቡዳ የመጣ አይደለም። ከጫፉ ሥር ያሉት ጅማት መሰል ክሮችና የወተት ቱቦዎች አጥረው ወደ ውስጥ ስለሚስቡት፥ ከበታቹም ደግፎ የሚይዘው ሥጋ ስለሚያንስ ነው። በኮሪያ አገር 1,625 ወጣት ሴቶች ተመርምረው በ1999 በታተመው ጽሑፍ፥ ከእነርሱ መካከል 53ቱ እንዲህ ያለ ጫፍ እንደ ነበራቸው ተገልጿል፤ ከ100 ሴቶች 3 ያህል ማለት ነው፤ የሚበዙትም በሁለቱም ጡት ነበር። በዚያው ዓመት ሃንና ሆንግ የተባሉ የኮሪያ ሐኪሞች ሕመሙን በሦስት ደረጃ ከፈሉት። የመጀመሪያው በጣት ሲስቡት በቀላሉ ወጥቶ ጥቂት የሚቆይ ነው። ሁለተኛው የሚወጣ ነገር ግን ሲለቁት ወዲያው የሚመለስ ነው። ሦስተኛው ቢስቡትም በጭንቅ እንጂ የማይወጣ ነው። ይህን ክፍፍል አንባቢዎቻችን እንዲያስታውሱት እንለምናለን፤ ኋላ ስለ ቀዶ ሕክምናው ስንናገር የሚፈርደው እርሱ ነውና።

ከደረጃው በፊት ግን የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ። ጫፉ የሰረጎደው ከልጅነት ጀምሮ ነው ወይስ በቅርብ ጊዜ? ከጉርምስና ጀምሮ እንዲህ የነበረ፥ በሁለቱም ወገን ተመሳሳይ የሆነ፥ የማይለወጥ ከሆነ አያስፈራም። ነገር ግን ወጥቶ የኖረው ጫፍ በአንድ ወገን ብቻ ወደ ውስጥ መሳብ ከጀመረ፥ ይልቁንም እብጠት በጣት ሲዳሰስ፥ የጡቱ ቆዳ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሲሸረጎድ፥ ከጫፉ ደም ሲወጣ፥ በብብትም ሥር እጢ ሲገኝ፥ ይህ የካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላልና የመልክ ነገር አይደለም። እንደዚሁም የእንግሊዙ ሐኪም ሰር ጀምስ ፓጀት በ1874 የጻፈለት ሕመም አለ። ጫፉን እንደ ችፌ ያሳክካል፥ ይልጠዋል፥ ያቆስለዋል፤ ብዙ ጊዜም ከበታቹ የተሸሸገ ካንሰር ይኖራል። እንዲህ ያለውን ቁስል በቅባት እያሹ ወራት ማሳለፍ ጥፋት ነው።

በአገራችን ከሴቶች ካንሰር ሁሉ የጡት ካንሰር የመጀመሪያውን ስፍራ የያዘ ሲሆን፥ ከሚታመሙትም ብዙዎቹ ወደ ሐኪም የሚደርሱት ደዌው ከሰፋ በኋላ ነው። ለዚህም የመንገዱ ርቀትና የገንዘቡ ማነስ ምክንያት መሆናቸው እርግጥ ነው፤ ነገር ግን እፍረት የሚወስደው ጊዜ ከመንገዱ ሳይበልጥ አይቀርም እንላለን። ስለዚህ ማንኛይቱም ሴት አዲስ የሰረጎደ ጫፍ ይዛ የመልክ ማስተካከያ ፍለጋ ብትሄድ፥ ሐኪሙ ጡትዋን ሳይመረምር፥ ካስፈለገም በድምፅ ሞገድ መሣሪያ ሳያይና ናሙና ሳያስወስድ ቢላዋ ለማንሳት ከተዘጋጀ፥ ከዚያ ቤት ወጥታ ወደ ሌላ ትሂድ። ወንዶች አንባቢዎቻችንም ጉዳዩ የእነርሱ አለመሆኑን እንዳያስቡ። የወንድ ጡት ካንሰር ጥቂት ቢሆንም አለ፤ ምልክቱም ይኸው ነው።

አሁን ወደ ሰላማዊው መሰርጎድ እንመለስ። በአራስ ቤት ይህ ነገር ሲገለጥ የሚሆነውን የደጋ እናቶች ያውቁታል። ሕፃኑ ያለቅሳል፤ እናቲቱ ታፍራለች፤ ጎረቤትም ጡትዋ አይጠባም ብላ ትፈርዳለች። ከዚያም ለሕፃኑ ለጋ ቅቤ ማቅመስ፥ ስኳር በውኃ በጥብጦ መስጠት፥ የላም ወተት መቅዳት ይጀመራል። ጡቱም ባለመጠባቱ ወተቱ ይቀንሳል፤ ፍርዱም እውነት ይመስላል። ነገር ግን ሕፃን ጡትን በሚገባ ሲጠባ የሚጎርሰው ጫፉን ብቻ አይደለም፤ ከክቡም ሰፊውን ክፍል ጨምሮ ነው። ስለዚህ ጫፋቸው የሰረጎደ ብዙ ሴቶች አዋላጅ ወይም ያጠባች እናት አጠገባቸው ሆና የሕፃኑን አቀማመጥ ብታሳያቸው ያጠባሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ልጅ በተወለደ በመጀመሪያይቱ ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲይዝ፥ እስከ 6 ወርም ከእናት ጡት በቀር ውኃ እንኳ እንዳይሰጠው ይመክራል። ጫፉ የሰረጎደ እናት ከዚህ ምክር የተለየች አይደለችም።

ሕፃኑ እስኪለምድ ድረስ ወተቱን በእጅ አልቦ በንጹሕ ስኒ መስጠት ይቻላል። ጡጦ ግን በዚያ ጊዜ ባይቀርብ ይሻላል፤ ሕፃኑ ቀላሉን ለምዶ ጡቱን እምቢ ሊል ይችላልና።

ከመውለድ በፊት ጫፉን በጣት እየጎተቱ ማለማመድ ወይም በጡት ላይ የሚደረግ ክብ የፕላስቲክ ልባስ ማድረግ ብዙ ዘመን ሲመከር ኖሯል። በእንግሊዝ አገር ግን ሁለቱም በነፍሰ ጡሮች ላይ ተፈትነው ውጤቱ በ1992 ሲታተም፥ ልምምዱ እንዳልጠቀመ፥ ልባሱም ከሚጠቅመው ይልቅ የማጥባቱን ነገር እንደሚያሰናክል ተገለጠ። እንግዲህ ነፍሰ ጡሮች በዚህ ራሳቸውን ባያደክሙ መልካም ነው።

ከወሊድ በኋላ ግን በደባርቅም በዳባትም ከማናቸውም መድኃኒት ቤት በሚገኝ ዕቃ የሚሠራ አንድ ዘዴ አለ፤ በሕንድ አገር ያሉ ሐኪሞች በ1993 ያሳተሙት ነው። 20 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አዲስ ሲሪንጅ ተወስዶ መርፌው የሚሰካበት ጫፉ በምላጭ ይቆረጣል። መግፊያው ይወጣና በተቆረጠው ወገን ተመልሶ ይገባል፤ እንዲህ የሆነበት ምክንያት ጡቱን የሚነካው የፋብሪካው ለስላሳ አፍ እንጂ የተቆረጠው ስለታም ወገን እንዳይሆን ነው። እናቲቱ ለስላሳውን አፍ በጫፉ ላይ አድርጋ መግፊያውን በራስዋ እጅ ቀስ ብላ ትስባለች፤ ጫፉም ወደ ውጭ ይወጣል። እስከ 1 ደቂቃ ይዛ፥ መግፊያውን መልሳ ስቦ የያዘውን አላልታ ታነሳዋለች። ይህን በቀን ብዙ ጊዜ፥ ይልቁንም ሕፃኑን ከማስጠባትዋ ጥቂት ቀደም ብላ ታደርጋለች። መሳቡ የሚያም ከሆነ ከልክ አልፏል ማለት ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው እንዳይስብላት እንመክራለን፤ ሕመሙን የሚለካው የራስዋ እጅ ነውና።

ስለ ደባርቅ ብርድም አንድ ቃል እንጨምር። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ሌሊቱና ጧቱ ይበርዳል። በአንዳንድ ሴቶች ብርድ ሲነካቸው የጡት ጫፍ የደም ሥሮች ይጠብባሉ፤ ጫፉ ይገረጣል፤ ከጠቡ በኋላም እንደ መርፌ የሚወጋ ሕመም ይመጣል። ይህን የሚያውቅ ሰው ስለሚያንስ ቁስል ነው እየተባለ ብዙ ይወራል። ጋቢ ደርቦ ማጥባት፥ ሕፃኑ ሲለቅም ጡቱን ወዲያው በሞቀ ጨርቅ መሸፈን ለብዙዎቹ ይበቃቸዋል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ጫፍዋን በቀዶ ሕክምና ለማስተካከል የምትወድ ሴት ብትኖር አንነቅፋትም። ከባልዋ ፊት ሁሉ የምትሸማቀቅ፥ በሰረጎደው ውስጥ እርጥበት እየተጠራቀመ በየጊዜው የሚያቆስላት አለችና። ነገር ግን ቢላዋው ምን እንደሚቆርጥ ታውቅ። ሥራው አብዛኛውን ጊዜ ጡቱን ብቻ በሚያደነዝዝ መርፌ ይፈጸማል፤ ከጫፉ ሥር በትንሽ ቅድ ገብተው ወደ ውስጥ የሚስቡትን ክሮች ይፈታሉ፤ እንዳይመለስም ከሥሩ በስፌት ያስሩታል። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ደረጃ የወተት ቱቦዎቹን ሳይቆርጡ ማለፍ ብዙ ጊዜ ይቻላል። በሦስተኛው ደረጃ ግን ቱቦዎቹ ራሳቸው አጥረው የሚስቡ ስለ ሆኑ ሳይቆረጡ ጫፉ የማይወጣበት ጊዜ አለ፤ የተቆረጠም ቱቦ ወተቱን ወደ ውጭ አያደርስም። እንግዲህ ልጅ ለመውለድ ተስፋ ያላት ሴት፥ ሐኪሙን፥ ቱቦዎቹን ትቆርጣቸዋለህን? ብላ ሳትጠይቅና መልሱን በግልጽ ሳትሰማ አትተኛ። እርሱ ያልቆረጠም ቢሆን ወደ ፊት ታጠባለች ብሎ ዋስ ሊሆን አይችልም። ጫፉም ጥቂት ቈይቶ ተመልሶ ሊሰረጉድ፥ ስሜቱም ሊደነዝዝ ይችላል።

የረዘመን ጫፍ ማሳጠርና የሰፋን ክብ ማጥበብም አለ። ክቡ ሲጠብ በዳርቻው ዙሪያ ቆዳው ተቆርጦ እንደ ከረጢት አፍ ይሰበሰባል። እዚህ ላይ ለእኛ ለጥቁር ሕዝቦች የሚበልጥ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በጠቆረ ቆዳ ላይ ጠባሳው ከቁስሉ አልፎ እያበጠ የሚያድግበት ነገር ከነጮች ይልቅ ይበዛልና። ጆሮዋን ስትበሳ ወይም ክትባት ስትወጋ እንዲህ ያለ ጠባሳ የወጣባት ሴት ይህን ለሐኪሙ አስቀድማ ትንገር። የጠባሳውም ቀለም ከክቡ ቀለም ሊለይ ይችላል። ጡትዋ ገና እያደገ ያለች ልጃገረድ፥ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ሴት ይህን ሁሉ ያቆዩት፤ ጡት ካስጣሉ በኋላም ቅርጹ እስኪረጋ ቢያንስ ግማሽ ዓመት መጠበቅ የተገባ ነው። ትምባሆ የምታጨስ ሴት ለጥቂት ሳምንታት ካላቆመች፥ ወደ ጫፉ የሚሄደው ደም አንሶ ሥጋው ሊሞት ይችላል።

በዳባትና በደባርቅ ሆስፒታሎች ተመርምሮ ወደ ጎንደር መላክ ይቻላል። ጎንደር ከደባርቅ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ትርቃለች፤ የሕክምና ትምህርት ቤትዋም በ1947 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው። ለመልክ ማስተካከያ የሚሆኑት ባለሙያዎች ግን ይልቁን የሚገኙት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በምትርቀው በአዲስ አበባ ነው። ገንዘብ ያላቸውም ወደ ቱርክና ወደ ሕንድ ይሄዳሉ። ዋናው ችግር መሄዱ ሳይሆን መመለሱ ነው። ስፌቱ ሳይታይ፥ ሐኪሙም ቁስሉን ዳግመኛ ሳይመረምር፥ በአውቶቡስ እየተንገጫገጩ መመለስ አይገባም። ወጪውን የሚያሰላ ባል ለቀዶው የሚከፈለውን ብቻ ሳይሆን፥ በከተማው የሚቀመጡበትን አንድ ወይም ሁለት ሳምንትም ያስላ።

ከተመለሱ በኋላ ያለውን ነገር ደግሞ በውጭ አገር የተጻፈው ምክር አያውቀው። እዚያ የሚጻፈው ስለ ስፖርትና ስለ ጡት መያዣ ነው። በስሜን ግርጌ ያለች ሴት ውኃ በእንስራ ወይም በጀሪካን ስታዝል ገመዱ በደረትዋ ላይ ያልፋል፤ የእንጨቱም ሸክም እንዲሁ ነው። ልጅ በአንቀልባ ስታዝል ጠፍሩ በጡትዋ ላይ ይተጣጠፋል። በቤት ወፍጮ የምትፈጭ ከሆነ ደረትዋ ከመጁ ጋር ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል። አዲስ የተሰፋ ጫፍ ግን የሚጠላው ይህንኑ መጫንና መሻሸት ነው፤ ከሐኪም ቤት ሲወጣም እንዳይጫን ዙሪያውን ከፍ ባለ ጥጥ ወይም ልባስ ከልለው የሚሰዱት ስለዚህ ነው። ስለዚህ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፥ ሐኪሙም ከዚህ የበለጠ ካዘዘ እስከዚያው ድረስ፥ ውኃውንና እንጨቱን ሌላ ሰው ይሸከም፤ ልጁንም ሌላ ሰው ይዘል። ይህ ሰው አስቀድሞ ካልተገኘ ቀዶውን ወደ ሌላ ዓመት ማስተላለፍ ይሻላል። በአዝመራና በአጨዳ ወራት ደግሞ ይህ ሰው እንደማይገኝ የታወቀ ነው።

ቁስሉ እስኪገጥም ድረስ በላዩ ቅቤ፥ ቅጠል ወይም አመድ አይደረግበት። ውኃም አይነካው፤ ጠበል የምትጠመቅ ሴት የንስሐ አባትዋን አማክራ እስከዚያ ድረስ ብትጠጣው ይበቃታል። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ማበጥና መበለዝ የተለመደ ነው። ነገር ግን ሕመሙ እያደር ሲጨምር፥ ጡቱ ሲግል፥ መግል ሲወጣ፥ ትኩሳት ሲነሳ፥ ወይም ጫፉ ከቀድሞው መልኩ ተለውጦ እየጠቆረ ሲሄድ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። መጽሐፍ ቅላትን ፈልጉ ይላል፤ በጠይም ቆዳ ላይ ግን ቅላት ስለማይታይ በእጅ ጀርባ ሁለቱን ጡቶች ዳስሶ የትኛው እንደሚግል ማስተያየት ይበልጣል።

ካንሰር ይዟት ጡትዋ ስለ ተቆረጠ ሴትም ሳንናገር አናልፍም። ለብዙ ዘመን በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በአዲስ አበባ ያለው የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ዛሬ የካንሰር ሕክምና ክፍል በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም አለ። ሕይወትዋ ከዳነ በኋላ ጡትዋ በቀዶ ሕክምና እንደገና ሊሠራላት ይቻላል፤ ጫፉ ከዚያው ከጡትዋ ቆዳ ተጠቅልሎ ይሠራል፤ የክቡ ጥቁረት ግን የሚመለሰው በንቅሳት ነው። አንገታቸውንና ድዳቸውን ሲነቀሱ ለኖሩት ለጎንደርና ለስሜን ሴቶች ይህ እንግዳ ነገር አይሆንባቸውም። ልዩነቱ ነቃሿ የሐኪም ቤት ባለሙያ፥ መርፌውም አዲስና ንጹሕ መሆኑ ነው፤ ቀለሙም ከሌላኛው ጡት ጋር ተስተያይቶ ይመረጣል። በዚያ ስፍራ የቀድሞው ስሜት አይመለስም፤ የተሠራው ጫፍ በጊዜ ብዛት ዝቅ ይላል፤ ቀለሙም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለሚደበዝዝ እንደገና መነቀስ ያስፈልገዋል።